የዳቶ ኪራይ ቤትና የጉሮ የንብ ቀፎ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። መብራት ስለጠፋ ግማሹን ያለ ማይክ፣ ሙሉውን ያለ ስላይድ ነው የተናገርኩት። ከኋላ የነበሩት «አልሰማንም» ስላሉኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዓመቶቹን «በእኛ» ካላልኩ በስተቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

እንዴት ዋላችሁ።

ስላይዱን እርሱት። ሁለት ፎቶ ላሳያችሁ ነበር፣ በቃል እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው የሐዋሳ ሐይቅ ነው። እሱን ወጣ ብላችሁ ማየት ነው። ሁለተኛው ደቡብ ኮርያ ውስጥ ያለችው ቹንቾን ናት፣ ሁለት ዓመት የተማርኩባት ከተማ። እሷም የሐይቅ ከተማ ናት። ልዩነቱ፣ የእነሱን ሐይቅ እግዜር አልሰጣቸውም፣ ወንዝ ገድበው ነው ያገኙት። ትልቁ የሶያንግ ግድብ ያለቀው በ1973 ነው። ማታ ማታ እንደኛው ፍቅር ሐይቅ ጥንዶች ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይኳረፋሉ። የአሞራ ገደል ዓይነት የአሳ ሾርባ ግን የላቸውም። በዚህ እንበልጣለን። (እዚህ ጋ ተጨበጨበ።)

ቹንቾን ውስጥ ውኃው ዳር አንድ ቡና ቤት አለ። ስሙ በኮርያ ፊደል «የኢትዮጵያ ቤት» ይላል። ከ1968 ጀምሮ አለ። በዚያ ዓመት ጃንሆይ ኮርያን ሲጎበኙ እዚያው አጠገብ በኮርያ ጦርነት ለተዋጉት የእኛ የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል። እኔ በገባሁ በሳምንቴ ሄድኩ። የይርጋጨፌ ቡና አዘዝኩ፣ አንድ ስኒ 6 ሺህ ዎን አሉኝ። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ምናምን ከሚያስኬድ ቦታ የሄደ ቡና ሌላ አህጉር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ ለሳምንት ከምትገዛው በላይ ከፍዬ ጠጣሁት። አሳላፊዋ ልጅ ከየት እንደሆንኩ ስትሰማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ደረቴ ተነፋ። እዚያው የነበረ አንድ ሐበሻ ጓደኛዬም ወዲያው ጀመረ፦ «እኛ ነን እኮ የረዳናቸው። ያኔ ምንም አልነበሩም።»

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚች አባባል ነው። ታክሲ ውስጥ ሰምታችኋታል። ለቅሶ ቤት ሰምታችኋታል። የኮርያ ድራማ የሚያይ ቤት ውስጥ ደግሞ በየማስታወቂያው መሀል ትመጣለች። ግማሿ እውነት ናት። ግማሿ ግን እያባበለች ታስተኛለች።

እውነቱን አስቀድሜ ልስጥ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ግንቦት 1951 ቡሳን ወደብ ደረሰ። ቃኘው የልዑል ራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። በየተራው ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሄደ፣ ከ120 በላይ እዚያ ወደቀ፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ይህን ኮርያኖቹ ራሳቸው በኩራት ነው የሚያወሩት። ወላጅ አልባ ሕጻናትን ከደሞዛቸው እየቆረጡ ያሳደጉም ነበሩ። ማንም አይወስድብንም።

ግን የሚገርመው፣ እነዚህን ሰዎች እኛው ነን የረሳናቸው። ደርግ ሲመጣ ወዳጃችን ሰሜን ኮርያ ሆነች። አዲስ አበባ ያለውን የትግላችን ሐውልት የሠራችው እሷ ናት። ለደቡብ የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ሳጥን ግርጌ ደብቆ ኮርያ ሰፈር ዝም ብሎ ኖረ። ልጆቻቸው ዛሬ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያገኙት ከኮርያ ነው። ይህን ስናገር ያሳፍረኛል፣ ለማንኛውም እንለፈው።

አሁን «ምንም አልነበሩም» ወደሚለው። ድሆች ነበሩ? አዎ፣ የድሃ ድሃ። በ1961 የአንድ ኮርያዊ አማካይ የዓመት ገቢ 100 ዶላር አይሞላም ነበር። ሴኡል በሦስት ዓመት ጦርነት አራት ጊዜ ከእጅ እጅ ተቀያይራ ፍርስራሽ ሆናለች። የሕዝብ ብዛታችንም ይቀራረብ ነበር፣ በ1960 እነሱ 25 ሚሊዮን፣ እኛ 22 ሚሊዮን ገደማ። በመሬት ግን ኢትዮጵያ አሥራ አንድ እጥፍ ትበልጣቸዋለች፣ ያለቻቸውም መሬት አብዛኛዋ ተራራ ናት።

ስለዚህ አንድ መስመር ላይ ቆመን ሩጫ ጀመርን፣ እነሱ ቀደሙ፣ እኛ ቀረን ብለን እናወራለን። መስመሩ ግን አንድ አልነበረም። ለምን መሰላችሁ?

በ1949 የመሬት አዋጅ አወጡ። ማንም ሰው ከሦስት ሄክታር ገደማ በላይ የእርሻ መሬት እንዳይይዝ። ትርፉ ተከፋፈለ፣ ጭሰኛ የነበረው ሰው ዋጋውን በእህል እየከፈለ የራሱ አደረገው። በዚያው ዘመን እኛ ጋ፣ እዚሁ እኛ የቆምንበት አካባቢ፣ ገበሬው ካመረተው ግማሹን ለባላባት ያስረክብ ነበር። «መሬት ላራሹ» ተብሎ የተጮኸው በ1960ዎቹ ነው፣ አዋጁ የወጣው በእኛ የካቲት 25 ቀን 1967። ከ25 ዓመት በላይ ልዩነት ነው፣ አንድ ሙሉ ትውልድ። ደግሞ የእኛው ገበሬ መሬቱን ከባላባቱ ተቀብሎ የመንግሥት አደረገው እንጂ የራሱ አላደረገውም። በዚህ ላይ መከራከር የሚፈልግ ሻይ ቤት ይጠብቀኝ።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። ጦርነቱ ላይ ሆነው ቡሳን ውስጥ ድንኳን ተክለው ያስተምሩ ነበር። በ1960 አካባቢ ለአንደኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትምህርት ቤት ገብቷል። እኛ ጋ ያኔ ማንበብ የሚችል ሰው ከአሥር አንድ ቢገኝ ነው። እኛ መሠረተ ትምህርት ብለን የዘመትነው በእኛ 1971 ነው። አያቴ በዚያ ዘመቻ ነው ስሟን መጻፍ የተማረችው፣ እስክትሞት ድረስ የእቁብ ደብተር ላይ በራሷ እጅ ትፈርም ነበር፣ ሰው እንዲያይላት ቀስ እያለች።

ሦስተኛው የአሜሪካ ገንዘብ ነው። ቢሊዮኖች ዶላር። ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት አገሪቱ የቆመችው በእርዳታ ስንዴ፣ በእርዳታ ጥጥ፣ በእርዳታ ነዳጅ ነው። ዩቲዩብ ላይ «በላባቸው ብቻ ያደጉ» እያለ ሙዚቃ የሚያስገባውን ሰውዬ አትስሙት። ላባቸውም ነበረ፣ ዶላሩም ነበረ፣ የአሜሪካ ገበያ በሩም ክፍት ነበር።

ይኼን ሁሉ የምላችሁ ለምን እንደቀረን ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ንጽጽር ስናደርግ የዛሬዋን ሐዋሳ ከዛሬዋ ሴኡል ጋር እናስቀምጥና አፋችንን ይዘን እንቀራለን። ቁጥሩማ ግልጽ ነው። የእነሱ የነፍስ ወከፍ ገቢ 35 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የእኛ አንድ ሺህና ትንሽ። እነሱ በአማካይ 83 ዓመት ይኖራሉ፣ እኛ 67 ገደማ። ግን ዶላር ራሱ ምን ዓይነት መለኪያ ነው? በእኛ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በወረቀት ላይ ገቢያችን በግማሽ ወረደ ማለት ነው። አሞራ ገደል ያለው አሳ ግን ያው አሳ ነው፣ አጥማጁም ያው ሰው፣ ጀልባዋም የምታንጠባጥበው እዚያው ቀዳዳዋ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ ሁለት ክፍሎችን ነው የማወዳድረው። የሚከራዩ ክፍሎች። አንዱ ጉሮ፣ አንዱ የእኛው የሐዋሳ ሰፈር ዳቶ።

ጉሮ የሴኡል ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ የመጀመሪያው የኤክስፖርት ኢንዱስትሪ መንደር እዚያ ተሠራ፣ እንደኛው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሉት። ልብስ ይሰፋ ነበር፣ ዊግ ይሠራ ነበር። አዎ፣ ዊግ። የገጠር ሴቶች ፀጉራቸውን ቆርጠው ይሸጡ ነበር፣ በ1970 አካባቢ ዊግ ከዋና ዋና የውጭ ሽያጮቻቸው አንዱ ነበር። ዛሬ ሞባይል የሚሸጥልን አገር ፀጉር ሸጦ ነው የጀመረው።

ይህን የነገረችኝ ቹንቾን ያከራየችኝ ሴትዮ ናት። «ሃልሞኒ» ነበር የምላት፣ አያቴ እንደማለት ነው። ያኔ ስልሳዎቹን ጀምራለች። በመጀመሪያው ወር ተጣልተን ነበር፣ በቆሻሻ ምክንያት። እዚያ ቆሻሻ እንደኛው በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ መጣል የለም። ለተራው ቆሻሻ መንግሥት የሚሸጠው ከረጢት አለ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊው ደግሞ ለብቻ፣ ለሱም ትከፍላለህ። እኔ የሽሮ ድስቴን እጣቢ ከካርቶን ጋር ደባልቄ ብጥለው፣ ሴትዮዋ ከረጢቱን ከመንገድ አንስታ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ በሬን አንኳኩታ፣ ፊቴ ላይ ከፍታ አንድ በአንድ እየለየች አሳየችኝ። ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን።

አንድ ማታ ነገረችኝ። በ16 ዓመቷ ከገጠር ወደ ጉሮ መጣች፣ 1971 ነው። የልብስ ፋብሪካ። የተከራየችበት ቤት ዓይነት ኮርያኖቹ የራሳቸው ስም አላቸው፣ «የንብ ቀፎ» ነው የሚሉት። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር በር በር፣ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ሰው ሲተኛ እግሩ ግድግዳ የሚነካባት ክፍል። በአንዷ ውስጥ ሦስት አራት ልጆች። ሽንት ቤት ለሁሉም የጋራ፣ ጠዋት ሰልፍ። ከመካከላቸው የቀንና የማታ ሠራተኛ ስላለ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። «ፍራሹ በርዶ አያውቅም ነበር» አለችኝ። ይህን ስትል እየሳቀች ነበር።

ኤክስፖርት የሚጫንበት ቀን ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራሉ። እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው «ታይሚንግ» የሚባል ክኒን ይውጡ ነበር። ስፌቱ ላይ ተኝታ ጣቷን በመርፌ የወጋች ጓደኛ ነበረቻት፣ ክኒኑ ዓይን ያስከፍታል እንጂ አእምሮን አያነቃም አለች። ደሞዟ ወዴት ይሄድ ነበር? ለወንድሟ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በክፍያ ነበር። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሰፋች፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ።

ይህን የሴትዮዋ ምርጫ አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። የአንድ ትውልድ ሴት ልጆች ታሪክ ነው። በ1964 የኮርያ ኤክስፖርት 100 ሚሊዮን ዶላር ገባ ብለው በዓል አደረጉ፣ በ1977 10 ቢሊዮን ሆነ። በ13 ዓመት መቶ እጥፍ። በዚህ መሀል ከሴኡል ቡሳን 428 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ዘረጉ፣ የፖሃንግ ብረታ ብረት ፋብሪካ በ1973 ማምረት ጀመረ፣ ቀጥሎ መርከብ። የማዕድን ቆፋሪና ነርስ ጀርመን ይልኩ ነበር፣ እኛ ቤሩትና ሪያድ እንደምንልከው። የብረቱና የመርከቡ ማሽን የተገዛበት ዶላር ሲመዘዝ ብዙው የሚደርሰው እነዚያ የማይበርዱ ፍራሾች ጋ ነው።

ሁሉም ዝም ብሎ አልተሸከመውም። ሴኡል ፒዮንግሁዋ ገበያ ውስጥ ጆን ቴኢል የሚባል የ22 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበር። እዚያ ገበያ ውስጥ አንዱን ወለል በጣውላ ለሁለት ከፍለው፣ ቀጥ ብሎ መቆም የማይቻልበት ጣሪያ ሥር ከ13፣ 14 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ያሠሩ ነበር። ልጁ የአገሪቱን የሠራተኛ ሕግ ገዝቶ አነበበው። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያከብረው የለም። አቤት አለ፣ የሚሰማው ጠፋ። ኅዳር 13 ቀን 1970 «የሠራተኛ ሕጉን አክብሩ፣ እኛ ማሽን አይደለንም» እያለ ራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። ሞተ። ዛሬ እዚያ አካባቢ ሐውልቱ ቆሟል።

በ1979 ደግሞ አንድ የዊግ ፋብሪካ ተዘጋ። ባለቤቱ ገንዘቡን ይዞ አሜሪካ። ወደ 200 የሚጠጉ ሴት ሠራተኞች የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ገብተው ቁጭ አሉ፣ ፖሊስ ሰብሮ ገባ፣ አንዲት ልጅ ሞተች። ነገሩ አገር አናወጠ፣ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በጥቅምት በገዛ የስለላ ሹማቸው ተገደሉ። «እንደ ፓርክ ቹንግ ሂ ያለ ቆፍጣና መሪ ቢኖረን» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የእነዚህን ልጆች ታሪክ ጠይቁት። ሰውየው ፋብሪካ አስገንብተዋል፣ አልክድም፣ ባንኩንም ነጋዴውንም ኤክስፖርት አድርጉ ብለው በየወሩ ሰብስበው ያፋጥጡ ነበር። ሰው ያስሩና ያሰቃዩም ነበር። አንዱን ወስዶ አንዱን መተው አይቻልም።

እሺ፣ አሁን ዳቶ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። 52 ሼድ፣ ዘጠኝ ወር ውስጥ ተሠርቶ አለቀ፣ ፍሳሹ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ተተከለለት። እውነት ለመናገር ጥሩ ሥራ ነበር። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ከዙሪያው ገጠር ልጆች መጡ፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከሐድያ።

የአክስቴም ልጅ መጣች። ከወላይታ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ። የገባችበትን ፋብሪካ ስም አልጠራም። ዳቶ ውስጥ ለአራት አንድ ክፍል ተከራዩ፣ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ፍራሽ ምድር ላይ፣ ልብሳቸው በሚስማር ግድግዳ ላይ። ሄጄ አይቻታለሁ። የምቀመጥበት ስላልነበረ በጄሪካን ላይ አስቀመጡኝ። በዚያው ቀን ጄሪካኑ ባዶ ነበር፣ ቧንቧው ከመጣ አራተኛ ቀኑ።

ያኔ መነሻ ደሞዝ 750 ብር ገደማ ነበር፣ 26 ዶላር። ምሳ ፋብሪካው ይሰጣል፣ ሰርቪስ አለ። እሷ በደብተር ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ጡረታ ተቆራጭ፣ የኪራይ ድርሻ 300፣ ጤፍ አይደለም በቆሎ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ካርድ። ከታች «ቀሪ» የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፈችም። ባዶ ሳይሆን ሰረዝ ነው ያስቀመጠችው።

የከሰዓት ሽፍት ማታ አራት ሰዓት ነው የሚለቀው። ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ያወርዳል፣ ከዚያ በጨለማ ውስጥ ውስጡን በእግር። ቦርሳዋ ውስጥ ድንጋይ ትይዝ ነበር፣ ቡጢ የሚያህል። ስምንት ወር ሠርታ ወጣች። አብረዋት ከነበሩት ሦስቱ ሁለቱ ከሷ በፊት ወጥተዋል።

ፈረንጅ አሠሪዎች ይህን ሲያዩ «ሥራ አይወዱም፣ ይለቃሉ» ይሉ ነበር። የእኛ ሹማምንትም ያንኑ ይደግሙት ነበር፣ «የሥራ ባህል» እያሉ። ምን ዓይነት የሥራ ባህል ነው ወገኔ? የጉሮዋ ልጅ ክኒን ውጣ ያደረችው ባህሏ ስለሆነ አይደለም፣ ከደሞዟ ተርፎ ወንድም ስለሚያስተምር ነው። የዳቶዋ ልጅ ምን ይዛ ትቆይ? ሰረዝ ይዛ? ስለ ልማት ሲወራ ሰው ፎቅ ይቆጥራል፣ እኔ ግን ከዚያ ወረቀት ወዲህ የምቆጥረው «ቀሪ» የሚለውን ቦታ ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። የጉሮ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ የኮርያኖች ነበሩ። ገበያ ሲጠፋ ሌላ ይፈልጋሉ፣ ዊግ ሲቀር ጫማ፣ ጫማ ሲቀር ሬዲዮ፣ አገራቸው ነውና የሚሄዱበት የለም። (ያ ገንዘቡን ይዞ የጠፋው ሰውዬ ሲቀር።) እኛ ጋ ጥር 2022 አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን፣ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድሉ ሲዘጋ፣ ትእዛዝ የሚሰጡት ወደ ሌላ አገር ዞሩ። ለእነሱ ኢትዮጵያ አንድ መስመር ናት፣ ተሰርዛ ሌላ ይጻፋል። ለዳቶ ሱቅ ላላት ሴትዮ ግን በዱቤ የሰጠችው ዘይት ነው የቀረባት።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሶዶ ልብስ ሰፊ ጋ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። «ከዚያ ያተረፍኩት ማሽን መንዳት ነው» ትላለች፣ ያ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ ትክክለኛውን ለመናገር።

«ሕግስ?» ካላችሁ፣ አለ። በእኛ 2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ኮርያ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ሥራ ላይ ያዋለችው በ1988 ነው፣ ከጉሮ ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ። በ2025 በሰዓት 10,030 ዎን ደርሷል፣ ሰባት ዶላር ገደማ። አራት ሰዓት ሠርቶ የሚገኘው ያኔ የአክስቴን ልጅ የወር ደሞዝ ይበልጣል። ይህን ሳሰላ ሁለት ጊዜ ነው ያረጋገጥኩት።

አሁን ደግሞ ኮርያ ገነት ነው ብላችሁ እንዳትወጡ። ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። መብራት አንድ ጊዜ እንኳን ሲጠፋ አላየሁም፣ ውኃው ሃያ አራት ሰዓት፣ አውቶቡሱ በሦስት ደቂቃ ይደርሳል ብሎ በሦስት ደቂቃ ይደርሳል። ስልኬን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሼ እዚያው አገኘሁት። እናንተ ደግሞ ሞክሩት፣ ሞቢል አካባቢ።

ግን ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አላቸው። በዚያ ቀን የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና ሲሰጥ አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ይከለከላል። የረፈደበትን ተማሪ ፖሊስ በሞተር ያደርሰዋል። ሲያዩት ደስ ይላል፣ ከዚያ ልጆቹን ታያለህ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ማታ ደግሞ የግል አስጠኚ ቤት። ሴኡል ውስጥ እነዚህ ቤቶች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በከተማው ደንብ ነው የተከለከሉት። ደንብ ካልከለከላቸው አያቆሙም ማለት ነው። ራሱን የሚያጠፋ ሰው ቁጥር ካደጉት አገሮች ሁሉ ይበልጣል። ልጅ መውለድ ትተዋል፣ በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.72 ሆነ፣ ከዓለም የመጨረሻው። እኛ አራት ገደማ ነን። «አንድ ሞልቶ አይሆንም እንዴ?» አለችኝ እናቴ ስነግራት።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ካርቶን ነው። ንጋት ላይ ወደ ላይብረሪ ስሄድ ሽማግሌዎች ጋሪ ሲገፉ አያለሁ፣ ካርቶን ለቅመው በኪሎ የሚሸጡ። ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት። ከአረጋውያኑ ከአሥሩ አራት ያህሉ በድህነት ውስጥ ነበሩ፣ በሀብታም አገር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ዳገት ላይ ጋሪው ሲከብዳት ገፋሁላት። እላይ ስንደርስ ካርቶኑን በጥንቃቄ ዳሰሰችው፣ አጉድዬባት እንደሆነ። አልተቀየምኩም። እኛ ጋ ቢሆን ይቺ ሴትዮ እቤቷ፣ ምድጃ ዳር፣ የልጅ ልጅ ከቧት ትቀመጥ ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ሐዋሳ ገብርኤል በር ላይ የሚቀመጡትን እናቶች አስታወስኩና ሐሳቤን ዋጥኩት።

የተዘጋጀሁት እዚህ ድረስ ነበር። ጥያቄ ተፈቀደ።

የመጀመሪያው ልጅ «ስኮላርሺፕ እንዴት ይገኛል?» አለ። መቼም ይህ አይቀርም። ሁለተኛው ስለ መሬት ሊከራከረኝ ተነሳ፣ ሻይ ቤት ቀጠርኩት። ሦስተኛዋ ከኋላ የቆመች ልጅ ናት፣ አልተቀመጠችም ነበር፣ የፋብሪካ ባጅ አንገቷ ላይ።

«ያች ሴትዮ ጡረታ አላት?» አለችኝ።

የላትም አልኳት። የብሔራዊ ጡረታው የተጀመረው በ1988 ነው፣ እሷ ያኔ ፋብሪካውን ለቃ የዶሮ ጥብስ ቤት ከፍታ ነበር። ቤቱን የገዛችው በዶሮው ነው፣ የምትኖረው እኔን የመሰሉትን እያከራየች ነው።

«ስለዚህ የፋብሪካው ብር…»

«ሙሉ ለሙሉ ወንድሟ ላይ አለቀ።»

«እሱስ? ከፈላት?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ሃልሞኒን ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። በመስከረም ቹሶክ የሚባል የመከር በዓል አላቸው፣ እንደ ጨምበላላና መስቀል ዘመድ የሚሰበሰብበት። ወንድሟ ያኔ አንድ ካርቶን ፖም በፖስታ ይልክላታል፣ እያንዳንዱ ፖም በወረቀት የተጠቀለለ። «በየዓመቱ ይልካል» ነበር ያለችኝ፣ «አንድ ዓመት አላጎደለም።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «የኔም ወንድም ዘንድሮ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» አለች። ከዚያ ስልኳን አየች፣ ሽፍት አለብኝ ብላ ቦርሳዋን አነሳች፣ ባጃጅ ለመያዝ በሩጫ ወጣች።